በቅጠል ውስጥ ያለች የእሳት እራት

በሐረር፥ ፈረስ መጋላ አጠገብ ባለው ግቢያችን አንዲት የቡና ዛፍ አለች። እናቴ ቅጠሏን አድርቃና ቆልታ ቁጢ ታፈላልናለች። ባለፈው ወር በቅጠሎቹ ላይ ቡናማ ጠባሳ ባየሁ ጊዜ፥ ልጄ በፍም የተጫወተች መስሎኝ ገሠጽኋት። እርስዋም «እኔ አልነካሁም» ብላ አለቀሰች።

በማግስቱ አንዱን ቅጠል ቀጥፌ ወደ ፀሐይ ብይዘው፥ በጠባሳው ውስጥ ትንሽ ነጭ ትል ይላወስ ነበር። ይህ በሳይንስ ሌውኮፕቴራ የሚባል የእሳት እራት ልጅ ነው። እናቲቱ ቁመቷ 3 ሚሊሜትር ያህል ብቻ የሆነ፥ ነጭ ናት፤ እንቁላሏን በቅጠሉ የላይኛው ገጽ ትጥላለች። ትሉም ሲፈለፈል ውጭውን ሳያይ ከእንቁላሉ ሥር በቀጥታ ወደ ቅጠሉ ይገባል፤ ሁለቱን ስስ ቆዳዎች ጣራና ወለል አድርጎ መካከሉን ይበላል። ካደገ በኋላ ወጥቶ በሐር ክር ቁልቁል ይወርድና፥ በሌላ ቅጠል ሥር ነጭ ድንኳን ሠርቶ ክንፍ እስኪያወጣ ይተኛል።

ጎረቤቴ መድኃኒት እንድረጭ ቢመክረኝ እንቢ አልሁ። እኛ የምንጠጣው ቅጠሉን ነውና፤ ደግሞም ትሉ በውስጥ ተሸሽጎ ሳለ፥ እርሱን አድነው የሚገድሉትን ጥቃቅን ተርቦች መርዙ አስቀድሞ ይፈጃቸዋል። ስለዚህ ጠባሳ ያለበትን ለቅሞ ማቃጠልን መረጥሁ።

ልጄን ይቅርታ ጠይቄ ለቀማውን ለእርስዋ ሰጠኋት። ትናንት 31 ቅጠል ቆጠረችልኝ፤ አንዱን ግን «ሲወጣ ልየው» ብላ በብርጭቆ ውስጥ አስቀርታዋለች።