በቃል የተነበበ ገጽ

ከደባርቅ ተነሥቶ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ የወረደ መንገደኛ፣ ደጋው ከኋላው እንደ ግንብ ቆሞ ሲቀር፣ ቆላው በሙቀቱ ይቀበለዋል። ዛሪማ ከዚያ ቁልቁለት ወዲያ፣ ወደ አዲአርቃይ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። በ2015 ዓ.ም. በመንፈቅ ዓመቱ የትምህርት ዕረፍት ወደዚያ የወረድሁት ዘመድ ለመጠየቅ ብቻ አልነበረም። እኅቴ የዘጠኝ ዓመት ልጇን «ምከርልኝ» ብላ ስለ ላከችብኝ ነው።

ክሱ ብዙ ነበር። ሦስተኛ ክፍል ደርሶ ደብተሩ ባዶ ነው፤ መምህሩ ሲያስተምር ያፏጫል፤ የአጠገቡን ልጅ እርሳስ ይሰብራል፤ በዕረፍት ሰዓትም የጨርቅ ኳስ የሚጫወቱት ልጆች ሲቀርባቸው ይበተናሉ። «ወንድምዓለም፣ አንተ የተማርህ ነህ፤ እኔንስ ንቆኛል» አለችኝ። እኔም የተማርሁ ነኝና መከርሁት። ስለ ዕውቀት ብርሃንነት፣ ስለ ነገ አገር ተረካቢነት፣ በተውኔቶቼ ውስጥ ለሽማግሌ ገጸ ባሕርይ የምሰጠውን የመሰለ ረጅም ንግግር አደረግሁለት። ልጁ አቀርቅሮ በእግሩ ጣት አፈር ይጭር ነበር።

በማግሥቱ የንባብ መጽሐፉን አስመጥቼ «እስቲ አንብብልኝ» አልሁት። ጥርት ባለ ድምፅ፣ ሳይደናቀፍ አነበበ። እናቱ እልል ልትል ምንም አልቀራት። እኔ ግን ዐይኑ ከመጽሐፉ ይልቅ በፊቴ ላይ መሆኑን አየሁና መዳፌን በገጹ ላይ አኖርሁ። ልጁ ማንበቡን ቀጠለ።

ሌላ ገጽ ገለጥሁለት፤ ዝም አለ። «አታላይ!» ብዬ ጮኽሁበት። መጽሐፉን ወርውሮ ወጣ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። አንድ ተዋናይ የተውኔቱን ቃል አንድ ሳያስቀር በቃሉ ቢይዝ አጨበጭብለታለሁ። ይህ ሕፃን ግን ከባልንጀሮቹ አፍ የሰማውን ትምህርት ሁሉ በቃሉ ሸምድዶ ሦስት ዓመት ሙሉ ብቻውን በመድረክ ላይ ሲቆም፣ እኔ የሰጠሁት ስድብ ነው። ፉጨቱም ያን ጊዜ ገባኝ፤ የማንበብ ተራው ሳይደርስ ከክፍል መባረርን ይሻ ነበር። ለሕፃን ልብ፣ ባለጌ መባል ደንቆሮ ከመባል ይቀላልና።

ነገሩ ከየት እንደ መጣ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም። አንደኛ ክፍል የገባው በ2013 ዓ.ም. ነበር። በዚያው ዓመት ክረምት ጦርነቱ ወደ አዲአርቃይና ወደ ዛሪማ በደረሰ ጊዜ፣ እናቱ እጁን ይዛ ሊማሊሞን ወጥታ ደባርቅ ተጠለለች። እኩዮቹ ካዕብን ከሣልስ በሚለዩበት ዕድሜ እርሱ ስደተኛ ነበር። ከክፍል ወደ ክፍል ግን አብሯቸው ተዛወረ። ሆኖም ጥፋቱን ሁሉ በጦርነት ላይ ብቻ መጫን አይገባም፤ ከዚያ አስቀድሞ፣ በ2002 ዓ.ም. በስምንት ክልሎች በስድስት ቋንቋዎች በተደረገ የንባብ ምዘና፣ ከሁለተኛ ክፍል ሕፃናት ሲሶ ያህሉ አንዲት ቃል ማንበብ እንዳልቻሉ ታይቷል። እንግዲህ አንባቢዬ፣ የእኅቴ ልጅ ብቻውን አልነበረም።

ሲነጋ ጠርቼ «ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ አታላይ አይደለህም» አልሁት። በአገራችን ታላቅ ታናሹን ይቅርታ መጠየቁ ያልተለመደ ነውና ግራ ተጋብቶ አየኝ። ቆይቶም «ጋሼ፣ ለእማዬም ትነግራታለህ?» አለ። ነገርኋት።

ከዚያ በኋላ ልጁን ትተን ፊደሉን መረመርን። ሠላሳ ሦስቱ በሰባት ተባዝተው 231 ናቸው፤ እርሱ ግን ግዕዙን አሳምሮ ያውቃል። አብዛኛው ችግሩ ሣልስና ኃምስ ላይ ነበር። ሊን ከሌ፣ ቢን ከቤ አይለይም፤ «ቤት»ን «ቢት» ይለዋል። ምንም አያውቅም ብለን የፈረድንበት ልጅ፣ የጎደለችው በፊደል እግር ላይ ያለች ትንሽ ቀለበት ነበረች!

በልጅነቴ ጎንደር ላይ የኔታ እያንዳንዱን ፊደል በስንደዶ ያስነኩን ነበር። ከፊደል አቡጊዳ፣ ከአቡጊዳ መልእክተ ዮሐንስ፤ እርሱም በቁጥር፣ በግዕዝ፣ በውርድ ንባብና በቁም ንባብ ይዘለቃል። ዐይን ከፊደሉ ሳይላቀቅ አፍ አይቀድምም። የኔታን አለንጋ አልናፍቅም፤ ስንደዷቸውን ግን መልሼ አነሣሁ። በቀን ሦስት ፊደል፣ መጀመሪያ በአሸዋ ላይ፣ ከዚያ በደብተር።

የዕረፍቱ ጊዜ ሲያልቅ ስንደዶውን የአራተኛ ክፍል ተማሪ ለሆነች የጎረቤት ልጅ አስረከብሁ። እርሱም በፈንታው ከቡትቶ ጥብቅ ያለ ኳስ ሰፍቶ ሰጣት፤ በዚህ ሥራ በሰፈሩ የሚስተካከለው አልነበረም። ኳሱ ወደ ሜዳ ወጣ፤ ልጆቹም ኳሱን ተከትለው መጡ። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» የሚለውን ተረት ከዚያ ወዲህ በጥንቃቄ ነው የምጠቅሰው።

ለመምህራንና ለወላጆች የምለው አንድ ነገር ነው፦ ሕፃን ሲያምፅ ምን እንደ ሸሸገ እንጠይቅ። ከምክራችንም በፊት መዳፋችንን በገጹ ላይ እናኑር፤ ለማጋለጥ ግን አይሁን።

ለፋሲካ ስመለስ ተአምር አላገኘሁም። አሁንም አልፎ አልፎ ያፏጫል። ማታ በኩራዝ ብርሃን አጠገቤ ተቀምጦ፣ አዲስ ገጽ ገልጦ፣ አምስት ቃል ያላትን አንዲት መስመር በጣቱ እየተከተለ፣ እየተንተባተበ ጀመረ። እኔም ያለፈው ትዝ ብሎኝ ቀስ ብዬ መዳፌን በመስመሯ ላይ ጣል አደረግሁ።

«ጋሼ፣ እጅህን አንሣ እንጂ» አለኝ ተቆጥቶ፤ «አይታየኝም!»