ለባሕረኛው የተሠራ ማሲንቆ

ባለፈው ክረምት እኅታችን ከዋሽንግተን ለልጃችን አንድ ሣጥን አሻንጉሊት ላከችለት። ሣጥኑ ሲከፈት ቁመታቸው አራት ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነ፣ ፊታቸው ቢጫ የሆነ የሌጎ ሰዎች ወጡ። የእሳት አደጋ ሠራተኛው ቱቦውን፣ ወጥ ቤቱም ድስቱን ይዞ ሳለ የባሕረኛው እጅ ብቻ ባዶ ነበረ። ልጃችን ሦስት ቀን ሲያገላብጠው ሰንብቶ፣ «አባባ፣ ለዚህ ሰው ማሲንቆ ይሥሩለት» አለን።

እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1932 ዓ.ም. በዴንማርክ አገር፣ ቢሉንድ በምትባል ስፍራ ይህን ሥራ የጀመረው ኦሌ ኪርክ ክሪስቲያንሰን አናጢ ነበረ፤ የመጀመሪያዎቹም አሻንጉሊቶቹ የእንጨት ነበሩ። እጅና እግሩ የሚንቀሳቀሰው ትንሽ ሰው የወጣው ግን በ1978 ዓ.ም. ነው። መዳፉ በአንድ ወገን ክፍት የሆነ ቀለበት ስለ ሆነ፣ ውፍረቱ 3.2 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነውን ዘንግ አጥብቆ ይይዛል። ይህን ልክ እኛ ያወቅነው ዘግይተን ነው።

በልጅነታችን ከዲቁናው ትምህርት ጋር ብርዕ መቅረጽና ብራና መፋቅ ስለ ተማርን፣ እጃችን ለረቂቅ ሥራ የማያንስ መስሎን ነበረ። የማሲንቆውን አንገት ከወይራ ስንጥር ጠርበን አበጀን፤ ውፍረቱን ግን በዓይናችን ብቻ ገመትነው። ወደ መዳፉ ስናስገባው እምቢ አለ፤ ገፋነው። ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማና የባሕረኛው ቀኝ እጅ ተሰነጠቀ። ልጃችን አላለቀሰም። አሻንጉሊቱን ከፊታችን አንሥቶ ሄደ፤ ከዚያም ወዲያ መጫወቻውን ለእናቱ እንጂ ለእኛ አላሳየም። ተማሪዎችን «ሳትለኩ አትቁረጡ» እያልን ስንቆጣ ሃያ ዓመት ያሳለፍን ሰው ነንና ዝምታው ከልቅሶ ይልቅ ከበደን።

ከሳምንት በኋላ ትንንሽ ሞዴል ከሚሠራ ወዳጃችን ባለ ምላጭ ቢላዋ፣ በጣት የሚዞር መሰርሰሪያ፣ ቀጫጭን ሞረዶችና አንድ ካሊፐር ተዋስን። ልጃችንን ጠርተን፣ «ልኩን አንተ ያዝ» አልነው። እኛ ዘንጉን በብርጭቆ ወረቀት እያሸን፣ እርሱ እየለካና «ገና ነው» እያለ፣ ከ4 ሚሊ ሜትር ወደ 3.2 ለመድረስ አንድ ምሽት ፈጀብን። ስንት ጊዜ «ገና ነው» እንዳለን አልቈጠርንም፤ ደስ እያለው እንደ ነበረ ግን አይተናል።

የማሲንቆውን ገላ ከተሰበረ የተማሪ ማስመሪያ ቈረጥነው። እንዲህ ያለውን ፕላስቲክ በአንድ ጊዜ ተጭኖ መቍረጥ አይገባም፤ ምላጩን በአንድ መሥመር ላይ በቀስታ ደጋግሞ ማስኬድ ይሻላል። ጣትም በምላጩ መንገድ ላይ መገኘት የለበትም። ሲበሱትም አስቀድሞ በመርፌ ጫፍ መንቆር ያስፈልጋል፤ አለዚያ መሰርሰሪያው ይንሸራተታል። ፈጥነው ቢያዞሩት ደግሞ ሙቀቱ ፕላስቲኩን ያለሰልሰዋል። ለአውታሩ ከአሮጌው ጭራችን አንዲት የፈረስ ጠጕር ነቀልን።

የተሰነጠቀው እጅ ግን ቀርቶ ነበረ። እጅ ከክንድ ተስቦ የሚወጣ መሆኑን ያሳየን ልጃችን ነው። የእሳት አደጋ ሠራተኛውን ቀኝ እጅ ነቅሎ ለባሕረኛው ተከለለት። «ያኛውስ?» ብንለው፣ «እርሱ በግራው ይረጫል» አለን። ከዚያም ማሲንቆውን ለእኛ ሰጥቶ፣ «እርስዎ ያስይዙት» አለ። እጃችን ጥቂት ተንቀጠቀጠ፤ ዘንጉ ግን ሳይገፋ ገባ።

ደጋኑን ገና አልሠራንለትም። ወዳጃችን ካሊፐሩን ሁለት ጊዜ ጠይቆናል፤ ልጃችን ግን ከራስጌው አስቀምጦት ቅዳሜን ይጠብቃል።