ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውስ?

ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው ከቤት ነው። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው የሠሯቸው «ካዛ ኢንቺስ» የተባሉ ቤቶች በአዲስ አበባ ሰው አፍ «ካዛንቺስ» ሆኑ። ዛሬ ከአሮጌዎቹ ቤቶች ብዙዎቹ የሉም። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ በሰፈሩ በተጀመረው የኮሪደር ልማት ያረጁ ግቢዎች ፈርሰዋል፤ መንገዱም ሰፍቷል። ቅዳሜ ሲደርስ ግን ከልጆች አፍ የሚወጣው ጥያቄ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ «ፈረስ የምንጋልበው መቼ ነው?»

ጥያቄው ለቂርቆስ ክፍለ ከተማ እንግዳ አይደለም። የዛሬው ታክሲ ከመብዛቱ በፊት የከተማው ሰው በፈረስ ጋሪ ይሳፈር ነበር። ኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥትም የሚገኘው እዚሁ ነው፤ ቤተ መንግሥት ባለበት ደግሞ ፈረስ አይጠፋም። በ1957 ዓ.ም. የእንግሊዟ ንግሥት ዳግማዊት ኤልሳቤጥ አዲስ አበባን ሲጎበኙ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጋር በከተማው ያለፉት ፈረሶች በሚጎትቱት ሠረገላ ነበር። የቤተ መንግሥቱን ፈረሶች የሚያስተዳድረው ሹም ባልደራስ ይባል ነበር፤ ስሙ ዛሬም ከመገናኛ ወዲህ ላለ ሰፈር መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል። ነገሥታቱም በፈረስ ስማቸው ይጠሩ ነበር፤ ዳግማዊ ምኒልክ «አባ ዳኘው»፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ «አባ ጠቅል»።

ሜዳው የት ነው?

«ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው» ይላል ያገራችን ሰው፣ ችሎታ አለኝ የሚለውን ሲጋብዝ። ለካዛንቺስ ቤተሰብ ሜዳው ትንሽ መንገድ ይጠይቃል። በአራት ኪሎ በኩል ወደ ስድስት ኪሎ ሲወጡ በስተቀኝ ጃንሜዳን ያገኛሉ። ጥምቀት የሚከበርበት ይህ ሜዳ የፈረስ እሽቅድምድምና የጉግስ ቦታም ነው። ከዚያ በሽሮ ሜዳ ሽቅብ ሲሉ እንጦጦ ይቀበልዎታል። በ2013 ዓ.ም. በተከፈተው እንጦጦ ፓርክ ፈረስ መጋለብ ከመዝናኛዎቹ አንዱ ነው። ብርዱ ስለሚጠና ለልጆች ጃኬት አይርሱ።

ዕድሜውን ይጠይቁ

ፈረስ የሚያከራይ ሰው ፊት ስንቆም ሁላችንም ቀድመን የምንጠይቀው ዋጋውን ነው። ከዋጋው በፊት ግን «ስንት ዓመቱ ነው?» ማለት ያስፈልጋል። ውርንጭላ በአንድ ዓመት ተኩል ዕድሜው በቁመት አዋቂውን ሊደርስበት ጥቂት ነው የሚቀረው። ዓይን የሚታለለውም ለዚህ ነው። አጥንቱ ግን ገና እያደገ ነው፤ በተለይ ሸክም የሚያርፍበት የጀርባው አከርካሪ እድገቱን የሚጨርሰው ከ5 ዓመት በኋላ ነው። ቶሎ የተጫነ ወጣት ፈረስ ጀርባውንና እግሩን ሊታመም፣ ገና በጉብዝናው ሊያነክስ ይችላል።

ዕድሜውን ጥርሱ ይናገራል። ፈረስ በሁለት ዓመት ተኩል ገደማ መካከለኞቹን ሁለት የወተት የፊት ጥርሶቹን ይቀይራል፤ በሦስት ተኩል ቀጣዮቹን፣ በአራት ተኩል የዳር የዳሮቹን። በ5 ዓመቱ አፉ ሙሉ ይሆናል። እንግዲህ ልጓም ሲገባለት አንገቱን የሚያወናጭፈው ወጣት ፈረስ ሁልጊዜ እልኸኛ ነው ማለት አይደለም። እንደ አንደኛ ክፍል ልጅዎ ጥርሱን እየቀየረ ሊሆን ይችላል።

በጥሩ ሰው እጅ የሚገራ ፈረስ መጀመሪያ የሚማረው ሰውን ማመን ነው። በለኮ ተይዞ መሄድን፣ መዳሰስን፣ ኮቴውን ማስነሣትን ይለምዳል። ቀጥሎ ባዶ ኮርቻ ይጫንለታል። ሦስት ዓመት ካለፈው በኋላ ቀላል ሰው ለጥቂት ደቂቃ ይቀመጥበታል፤ ያውም በእርምጃ። ሶምሶማው ቀስ ብሎ ይከተላል። ደንገላሳና ግልቢያ የሚመጡት አጥንቱ ሲጠነክር ነው።

ክብደትም አለ። ብዙ ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት መመዘኛ ጋላቢውና ኮርቻው በአንድ ላይ ከፈረሱ ክብደት 20 በመቶ እንዳይበልጡ ይመክራል። 250 ኪሎ ለሚመዝን ፈረስ ይህ 50 ኪሎ ነው። የአገራችን ፈረሶች ደግሞ አብዛኞቹ ትንንሽ ናቸው። 30 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ቢቀመጥ አያስቸግርም፤ 80 ኪሎ የሚመዝነው አባት ግን ፎቶውን ከመሬት ቢነሣ ይሻላል።

ለልጅዎ ደህንነት ደግሞ እነዚህን ያስታውሱ፦

• ወደ ፈረስ የሚቀረበው በግራ ትከሻው በኩል እንጂ ከኋላ አይደለም፤ ከኋላው ያለውን አያይምና።
• ሄልሜት ግዴታ ነው፤ ከሌለ ይዛችሁ ሂዱ።
• ወደ እርካቡ የሚገባው የእግር ፊተኛው ክፍል ብቻ ነው። በባህላዊው እርካብ ጋላቢው የሚያስገባው አውራ ጣቱን ብቻ መሆኑ ለዚህ ይረዳል፤ ቢወድቅ እግሩ ተይዞ አይጎተትም።
• መጀመሪያ ቀን ለኮውን የሚይዝ ሰው ከጎኑ አይለይ።

ልጅዎ ነገሩን ከወደደው በዓመቱ ጥር 23 ቀን ወደ እንጅባራ የሚደረግ የቤተሰብ ጉዞ ያስቡ። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን የሚያከብረው በዚያ ቀን ነው። በአዊ ፈረስ ያርሳልም፣ ይጋለባልም፤ ልጆቹም ከፈረስ ጋር ያድጋሉ።

እስከዚያው እንጦጦ ቅርብ ነው። ወጣት ፈረስ ካጋጠማችሁና ባለቤቱ «ገና ነው፣ አይጫንም» ካላችሁ አትከፉ፤ አመስግኑት። ልጅዎም በዚያ ቀን ሳይጋልብ፣ ለኮውን ይዞ ጎን ለጎን ቢራመድ ይበቃዋል። ሁለቱም ገና እያደጉ ናቸው።