የሶለል ጌጥ

የፍልሰታ ጾም ተፈጽሞ ነሐሴ 16 ቀን ሲሆን፣ እኛ የቆቦና የራያ ቆላ ሰዎች ሶለል የምንለው የልጃገረዶች በዓል ይብታል። ላስታ አሸንድዬ፣ ዋግ ሻደይ ይለዋል። ስሙ ቢለያይም ጌጡ አንድ ነው፤ ይኸውም ከወገብ ታስሮ ከጭፈራው ጋር የሚወዛወዘው ለምለም ቅጠል ነው።

ቅጠሉን መርጦ፣ ቁመቱን አስተካክሎ፣ እንዳይበተን አድርጎ ማሰር ሙያ ይጠይቃል። ታላቂቱ ስትሠራ ታናሺቱ እያየች ትማራለች። ከበዓሉ በኋላ ጌጡ ይደርቃል፤ የሚቀረው ሙያው ብቻ ነው።

ወደ ውጭ አገር ብንመለከት፣ «ለውዝ ሰባሪው» የተባለው ባሌ በቻይኮቭስኪ ሙዚቃ በሩሲያ፣ በሴንት ፒተርስበርግ ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በ1885 ዓ.ም. ነበር። ዛሬ ብዙ ሰዎች የዚያን ባሌ ወታደርና ጨፋሪዎች፣ ተዳምጦ እንደ ጨርቅ ከጠበቀ የበግ ጠጉር ቆርጠውና ሰፍተው በገና ዛፍ ላይ ይሰቅሏቸዋል። ጭፈራው በእጅ ሥራ አማካይነት ከመድረክ ወርዶ ከየቤቱ ገብቷል።

እኛም የሶለልን ጨፋሪ በጨርቅና በበግ ጠጉር ብንሠራ፣ ሹሩባ ብንሠራላት፣ ዐይኗን ብንኳላት፣ ወገቧንም በአረንጓዴ ክር ብናስጌጠው መልካም ነው። ከራያ ርቃ የምታድግ ሕፃን በአሻንጉሊቷ አገሯን ታውቃለች።

ነገር ግን አሻንጉሊቱ መታሰቢያ እንጂ ምትክ አይሁን። ክር አይደርቅም፤ ስለዚህ አንድ ጊዜ ከተሠራ ይበቃዋል። ቅጠሉ ግን ስለሚደርቅ፣ በየዓመቱ ታላቂቱንና ታናሺቱን አንድ ላይ ያስቀምጣል።