የምሪማ ኮረብታና የክዋሌ አውራጃ

ከሞምባሳ ደሴት በሊኮኒ በኩል ወደ ደቡብ የሚሄድ መንገደኛ አስቀድሞ የባሕሩን ወሽመጥ በመሻገሪያ መርከብ ያልፍና፣ ከዚያ የባሕሩን ዳር ተከትሎ እስከ ታንዛንያ ወሰን የሚደርሰውን ጎዳና ይይዛል። በግራው የሕንድ ውቅያኖስ፣ በቀኙ የኮኮናት፣ የካሹና የማንጎ ተክል ያጅቡታል። እንዲህ ሲጓዝ ቆይቶ፣ ከጎዳናው በስተምዕራብ ራቅ ብሎ፣ ከሜዳው መካከል ብድግ ያለ በደን የተሸፈነ ኮረብታ አለ። ይህ ምሪማ ነው። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ 300 ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ፣ የደጋ ተራራ ለለመደ ሰው ከቁም ነገር የሚገባ አይመስለውም።

ሆኖም የኮረብታው ስም ከአገሩ አልፎ እስከ ዓለም አቀፍ ሸንጎ ደርሷል። ምክንያቱም ዓለቱ ጥንት ከምድር ሆድ ቀልጦ የወጣ፣ ሊቃውንት ካርቦናታይት የሚሉት ዓይነት በመሆኑ፣ ኒዮቢየምና ብርቅዬ የሚባሉትን የመሬት ማዕድናት አምቆ ይዟል። ኒዮቢየም ብረትን ያጠነክራል። ከብርቅዬዎቹ መካከል ኒዮዲሚየም እጅግ ብርቱ ማግኔት ይሠራበታል፤ ማግኔቱም ለብዙ የንፋስ ኤሌክትሪክ ማመንጫዎችና ለኤሌክትሪክ አውቶሞቢል ሞተር የሚያስፈልግ ነው። ስለዚህ ዓለም ከከሰልና ከነዳጅ ዘይት ለመላቀቅ በተነሣ ቁጥር፣ እንደ ምሪማ ያሉትን ኮረብታዎች የሚፈልግ ይበዛል።

ለአካባቢው የዲጎ ሕዝብ ግን ምሪማ ከማዕድኑ በፊት ካያ ነው፤ ይኸውም አባቶች ያከበሩት፣ ሽማግሌዎች የሚጸልዩበት ደን ማለት ነው። መንግሥትም እ.ኤ.አ. በ1961 ዓ.ም. ጥብቅ ደን፣ በ1992 ዓ.ም. ደግሞ ብሔራዊ ቅርስ ብሎ ሰይሞታል።

በ2013 ዓ.ም. ኮርቴክ የተባለው ኩባንያ በኮረብታው ላይ ልዩ የማዕድን ፈቃድ አገኘ፤ የብርቅዬዎቹንም ዋጋ 62.4 ቢሊዮን የአሜሪካን ዶላር ብሎ ገመተ። በዚያው ዓመት ግን የኬንያ መንግሥት ፈቃዱን ሰረዘ። ኩባንያው የመንግሥታትንና የባለሀብቶችን ክርክር ወደሚያየው ዓለም አቀፍ የግልግል ሸንጎ ቢሄድም፣ ሸንጎው በ2018 ዓ.ም. ለኬንያ ፈረደ። ፈቃዱ ሕግ የሚጠይቀው የአካባቢ ጥበቃ ምርመራ ሳይሟላ የተሰጠ ስለነበረ፣ ሕጋዊ መሠረት አልነበረውም ተባለ። ፍርዱን ለማሰረዝ የቀረበውም አቤቱታ በ2021 ዓ.ም. ውድቅ ሆነ።

አሁን የክዋሌ መስተዳድር በዚህ ነገር ውስጥ ምን ሥልጣን እንዳለው እንመልከት። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የኬንያ ሕገ መንግሥት ካውንቲ የሚባሉ 47 የአውራጃ መስተዳድሮችን አቋቁሟል። ማዕድን ግን የማዕከላዊው መንግሥት አደራ ነው፤ የማዕድን ፈቃድ የሚሰጠውም ናይሮቢ ያለው ሚኒስትር ነው። በ2016 ዓ.ም. በወጣው የማዕድን ሕግ መሠረት፣ ከማዕድን ከሚሰበሰበው የሮያሊቲ ክፍያ 70 በመቶው ለማዕከላዊው መንግሥት፣ 20 በመቶው ለካውንቲው፣ 10 በመቶው ደግሞ ማዕድኑ ለሚወጣበት ሕዝብ ይደርሳል። ሕጉ ከወጣ በኋላ ግን ካውንቲዎቹ ድርሻቸውን ለዓመታት ሳያገኙ በመቆየታቸው ብዙ ጊዜ አቤት ብለዋል። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚባለው እንዲህ ባለው ጊዜ ነው።

ገንዘቡ ቢዘገይም ሸክሙ አይዘገይም። ጤና ጣቢያው፣ የገጠሩ መንገድና የመጠጥ ውሃው የካውንቲው ኃላፊነት ናቸው። የምሪማ ዓለት ቶሪየም የሚባል ጨረር አፍላቂ ማዕድን ስላለበት፣ ቁፋሮ ቢጀመር ስለ አቧራውና ስለ ውሃው አስቀድሞ የሚጠየቀው ከሕዝቡ ጎን ያለው ሹም ነው።

ለዚህም አርአያ የሚሆን ነገር ክዋሌ ራሷ አላት። በዚያው አውራጃ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ የቲታኒየም አሸዋ ሲወጣ ቆይቶ፣ ማዕድኑ ስላለቀ በታኅሣሥ 2024 ዓ.ም. ቁፋሮው ቆሟል። ሥራው አሥራ አንድ ዓመት ያህል ብቻ ነው የዘለቀው። በመጀመሪያው ዓመት ትምህርት ቤት የገባ ልጅ ሁለተኛ ደረጃን ሳይጨርስ ማዕድኑ አልቋል ማለት ነው። እንግዲህ መሬቱ ለምን እንደሚውል፣ ሠራተኛውም ወዴት እንደሚሄድ መታሰብ የሚገባው በመጨረሻው ሳይሆን በመጀመሪያው ቀን ነው።

ካውንቲው በእጁ ያለው መሣሪያ ጥቂት ቢሆንም ከንቱ አይደለም። የመሬት አጠቃቀምን ዕቅድ ያወጣል፤ በ2019 ዓ.ም. በወጣው የኢነርጂ ሕግም እያንዳንዱ ካውንቲ የራሱን የኢነርጂ ዕቅድ እንዲያዘጋጅ ታዟል። የኬንያ ኤሌክትሪክ አብዛኛው ከምድር እንፋሎት፣ ከውሃ፣ ከንፋስና ከፀሐይ የሚገኝ ነው፤ ከኅዳር 2022 ዓ.ም. ጀምሮም ከወላይታ ሶዶ እስከ ሱስዋ በተዘረጋው ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ መሥመር ከኢትዮጵያ ትገዛለች። ንጹሕ ኃይል እንዲህ ወሰን ተሻግሮ ሲመጣ፣ ለንጹሕ ኃይል የሚሆን ማዕድን ባለበት መንደር ያለ ቤት በኩራዝ እንዳይቀር ማሰብ የዕቅድ አውጪው ተግባር ነው።

ምሪማ ዛሬም ደኑን እንደ ለበሰ ቆሟል። ይቆፈር ወይም አይቆፈር የሚለው ጥያቄ እንደገና መነሣቱ አይቀርም። በዚያን ጊዜ የክዋሌ ሹማምንት የውሃውን ምርመራ፣ የመሬቱን ዕቅድና የሽማግሌዎቹን ቃል በመዝገብ ይዘው ከተገኙ፣ ፈቃድ ሰጪው ናይሮቢ ቢሆንም ድምፃቸው ሳይሰማ አይቀርም።