በዱርቤቴ የክረምት ምሳ

ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ ዳንግላ የሚሄድ መንገደኛ መርዓዊንና ወተት ዐባይን ካለፈ በኋላ ዱርቤቴን ያገኛል። ዱርቤቴ በጎጃም የደቡብ አቸፈር ወረዳ ከተማ ናት። አዝመራ በገባ ጊዜ ገበያዋ ይደምቃል፥ እንግዳም ይበዛባታል፤ በሐምሌና በነሐሴ ግን ዝናሙ ይበረታል፥ ጎተራም ይጎድላልና የሆቴሎቿ ወንበሮች ባዶ ሆነው ይውላሉ። የአገርን ማዕድ በእውነት ለማወቅ የሚሻ ሰው ግን በዚሁ ወራት ሊያያት ይገባል።

እኛም በአንድ ክረምት ለሥራ ጉዳይ ስንጓዝ በፍልሰታ ጾም ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት ከአንድ አነስተኛ ሆቴል ገባን። ከእኛ በቀር ሌላ ተመጋቢ አልነበረም። ከቤቱ በስተኋላ የጎመንና የድንች መደብ አለ፤ ጓሮው የማይሰጠውን ደግሞ የቅርብ ባላገሮች በማለዳ ያመጡታል። ከጓደኞቻችን አንዱ መኮሮኒ ቢጠይቅ ባለቤቲቱ ፈገግ ብለው፤ «መኮሮኒውስ አይጠፋም ጌታዬ፤ ነገር ግን እርሱን በከተማዎ ያገኙታል። ዛሬ ከጓሮ የተቀነጠሰውን ጎመን ይቅመሱልኝ» አሉ።

የቀረበልንም ጤፍና ዳጉሳ የተቀላቀለበት እንጀራ፥ ጎመን፥ የድንች አልጫና የባቄላ ሽሮ ነበረ፤ ከዚያም በፍም የተጠበሰ የበቆሎ እሸት ተከተለ። ድንች ዛሬ የአገራችን ተወላጅ ቢመስልም፥ ሺምፐር የተባለው ጀርመናዊ የዕፀዋት ሊቅ በ1858 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እንዳስገባው ይነገራል። በጎጃም ደጋና ወይና ደጋ እህል ሳይደርስ የሚደርስ በመሆኑ የክረምቱን ረኀብ የሚያሻግር እርሱ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ልባችንን የሳበው በትንሽ ሳህን የቀረበው ግብጦ ነው። ግብጦ በአቸፈር፥ በሜጫና በአዊ በብዛት ይዘራል። ሌላ እህል እንቢ ባለው የደከመ መሬት ይበቅላል፤ በሥሩም መሬቱን ያዳብራልና ለሚከተለው ዘር ማዳበሪያ ትቶ ያልፋል። ጠባዩ ግን መራራ ነው፤ መራራነቱም ጉዳት አለው። ስለዚህ ሴቶች ቆልተው በወራጅ ውኃ ወይም ውኃውን እየለወጡ ለብዙ ቀናት ይዘፈዝፉታል። የተቻኮለች ሴት ግብጦ አታቀርብም። ይህን ያህል ድካም የፈሰሰበት ምግብ «የድኻ ቁርስ» ተብሎ ከታላላቅ ማዕድ ይርቃል፤ በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል እንደ ተባለው ነው።

እንግዳ በሌለበት ወራት ቤቱን ለምን እንደማይዘጉት ባለቤቲቱን ጠየቅናቸው። «ጌቶች፥ እኔ ብዘጋ ጎመንና ግብጦ የሚያመጡልኝ ሴቶች በምን ጨውና ጋዝ ይገዛሉ? አዝመራ ሲደርስ ገዢ ሞልቷል፤ የሚቸግረው አሁን ነው» ብለው መለሱልን። እኛም የምሳው ዋጋ ወዴት እንደሚደርስ ያን ጊዜ አስተዋልን፤ ገንዘቡ ከሆቴሉ ሳያድር ወደ ጎረቤት ጎጆ ይሄዳል።

በሌላው ዓለም ይህ አሠራር ታላቅ ስም አግኝቷል። በአሜሪካ በካሊፎርኒያ አገር በበርክሌይ ከተማ አሊስ ዋተርስ የተባሉ ሴት በነሐሴ 1963 ዓ.ም. «ሼ ፓኒስ» የተባለ ምግብ ቤት ከፍተው፥ በየወቅቱ ከቅርብ ገበሬ የተገኘውን ብቻ ማቅረብን ልማድ አደረጉ፤ ብዙዎችም ተከተሏቸው። የዱርቤቴይቱ እመቤት ይህን ሳይሰሙ የሚሠሩት ሌላ መንገድ ስለሌላቸው ነው፤ ዳሩ ግን ችግር ያስተማረውን ነገር ዕውቀት ቢያጸናው ይበልጥ ይጠቅማል። በጎረቤት በሜጫ የቆጋ ግድብ 7,000 ሄክታር ያህል መሬት እንዲያጠጣ ስለ ተሠራ፥ ገበሬው በበጋም ድንች፥ ሽንኩርትና ስንዴ ያመርታል። ክረምትና በጋ የጓሮ ፍሬ የሚያገኝ ሆቴል ለአካባቢው ገበሬ የማያቋርጥ ገበያ ይሆናል።

እንግዲህ በሥራ ምክንያት ወደ ጎጃም የምትወርዱ ሹማምንት፥ በክረምት ከመንገድ ዳር ቤት በገባችሁ ጊዜ «ምን ከውጭ የመጣ አለ?» ከማለት «ጓሮው ዛሬ ምን ሰጠ?» ብላችሁ ጠይቁ። ወይዛዝርትም በየቤታችሁ ግብጦውን በሚገባ አዘጋጅታችሁ ሳታፍሩ ለእንግዳ አቅርቡት። ባላገሩ የዘራው በባለ ሥልጣኑ ማዕድ ሲከበር፥ የሚዘራበትም ልብ ይበረታል።