ሞግዚት እንዴት ትቆያለች?

«ሞግዚታችሁን ምን አስነክታችኋት ነው እንዲህ የቆየችላችሁ?» ይሉኛል።

ምንም። ደመወዟ ቀኑን ሳያልፍ ቴሌብሯ ላይ ይገባል፣ እሑድ የራሷ ነው፣ ማታ ትማራለች። የከበደኝ የማታው ነው። ክፍል የሚጀምረው ልጁ እራት በሚበላበት ሰዓት ስለሆነ፣ እኔ ወይ ባለቤቴ ከሥራ ሮጠን መድረስ አለብን። የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ሰዓቴን ሳይ ላብ ያጠምቀኛል። ግን አንዴ «ዛሬስ ቅሪ» ካልኳት፣ ነገም እላታለሁ።

«እኛ እኮ እንደ ልጃችን ነው የምናያት» የሚሉ አሠሪዎችን እፈራለሁ። ልጅ የደመወዝ ጭማሪ አይጠይቅማ! የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የቤት ሠራተኛን አይሸፍንም። ለእናት 120 ቀን የወሊድ ፈቃድ የሚሰጠው ይኸው አዋጅ፣ ፈቃዱ ሲያልቅ ሕፃኑን የምትረከበውን ሴት አያውቃትም። ስለዚህ ተያዧ ባሉበት ራሳችን ተፈራረምን። ጭማሪውን በየመስከረሙ እንነጋገራለን፤ የዘይቱን ዋጋ እንደሆነ ሱቅ የምትወርደው እሷ ናት፣ ከእኔ በላይ ታውቀዋለች።

ሌላው፣ ልጁ ፊት አልቆጣትም። ካየ እሱም ይቆጣታል። ቅር ያለኝን የምነግራት እሱ ሲተኛ ቡና ላይ ነው፤ እሷም የእሷን ትነግረኛለች፣ «እትዬ፣ አይቀየሙኝና...» ብላ። ከዚያ በኋላ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ እውነት ነው።

ትምህርቷን ስትጨርስ እንደምትሄድ አውቃለሁ። የተስማማነው ሁለት ወር ቀድማ እንድትነግረኝና ተተኪዋን እንድታለማምድልኝ ነው።